የሜዳ ሆኪን በክለብ ለመጀመር፦ የትኛው መግቢያ ለየትኛው ጀማሪ?

የሜዳ ሆኪ ልጀምር ብሎ ክለብ የሚያነጋግር ሰው ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ አማራጭ ይቀርብለታል። የጀማሪዎች ኮርስ ይኖራል። ወንድና ሴት ተቀላቅለው ለመዝናናት የሚጫወቱበት ምሽት ይኖራል። ሰው የጎደለው የመጨረሻው የሊግ ቡድን «ቅዳሜ ይምጡና ይሰለፉ» ይላል። የአዳራሽ ሆኪ እና አምስት ለአምስት አለ። በረኛ ያጣ ቡድንም አይጠፋም። ሁሉም «ለጀማሪ ክፍት ነው» ስለሚባል ልዩነታቸው ከውጭ አይታይም። የማይስማማውን የመረጠ ሰው ግን ብዙ ሳይቆይ ይተወዋል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የችሎታ ማነስ ሳይሆን ኳስ አለማግኘት ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ከሁሉም የሚቀድመው የኳስ ንክኪ ነው፦ በአንድ ምሽት ኳሱ ስንት ጊዜ ዱላዎ ላይ ያርፋል? ሆኪ በዱላው አንድ ፊት ብቻ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። የዱላው ግራ ጎን ጠፍጣፋ፣ ቀኝ ጎኑ ድቡልቡል ነው፤ በድቡልቡሉ ጀርባ ኳስ መንካት ጥፋት ነው። ስለዚህ ኳሱን ከቀኝ ወደ ግራ በቀጥታ ይገፉታል፣ ከግራ ወደ ቀኝ ለመመለስ ግን ዱላውን ገልብጠው አፍንጫውን (የታጠፈውን የታችኛውን ጫፍ) ወደ መሬት ማድረግ አለብዎት። ይህን የሚያዞረው የላይኛው የግራ እጅ ነው። የታችኛው ቀኝ እጅ ዱላው በውስጡ እንደሚሽከረከርበት ቱቦ ላላ ብሎ ይቆያል። ጀማሪ ሁሉ ቀኝ እጁን አጥብቆ ስለሚይዝ ዱላው አልዞር ይለዋል። ይህ በማብራሪያ አይስተካከልም፤ በመደጋገም ብቻ ነው የሚስተካከለው።

አሁን ስሌቱን እንይ። ሙሉው ጨዋታ 11 ለ11 ሲሆን እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ የሆኑ 4 ሩቦች አሉት። ሰዓቱን በሙሉ ኳሱ በሰው ዱላ ላይ ቢሆን እንኳ 60 ደቂቃ ለ22 ተጫዋች ሲካፈል ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ አይሞላም። የጀማሪው ድርሻ ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል፤ ጓደኞቹ ኳሱን ለሚተማመኑበት ነው የሚያቀብሉት። በጨዋታ ብቻ ሆኪ መማር አዝጋሚ የሚሆነው በዚህ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ የሚዋስ ዕቃ ነው፤ ክለቡ ዱላና የቅልጥም መከላከያ የሚያውስ ከሆነ ምንም ሳይገዙ መሞከር ይችላሉ። ሦስተኛው የሙሉ የውድድር ዘመን ወጪ ነው። የአባልነት መዋጮ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በየጨዋታው የሚከፈል፣ ማሊያ፣ ኢንሹራንስና መጓጓዣ ሲደመሩ ርካሽ የመሰለው ክለብ ውድ ሊሆን ይችላል። አራተኛው ጊዜ ነው፤ የ60 ደቂቃ ጨዋታ ከሜዳ ውጭ ሲሆን ግማሽ ቀን ይወስዳል። አምስተኛው አካል ነው። ሆኪ ጎንበስ ብለው የሚጫወቱት ስፖርት ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወገብና የጭን ጀርባ ይታመማሉ፤ ጉልበትን ሳያጥፉ ከወገብ ብቻ የሚጎነበስ ሰው ደግሞ ሕመሙ አይለቀውም።

የጀማሪዎች ኮርስ

በሳምንት አንድ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት የሚሰጥ ነው። በንክኪ የሚወዳደረው የለም፤ ሁለት ሰው አንድ ኳስ ይዞ ስለሚሠራ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያገኙት ንክኪ በበርካታ የሊግ ጨዋታ ከሚያገኙት ይበልጣል። ዕቃውም በአብዛኛው ይዋሳል።

ኮርስ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ጥራቱን የሚነግርዎት የትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው። ጥሩ አሰልጣኝ ከአያያዝ ይጀምራል፣ ከዚያ ኳስ ይዞ መሄድ፣ ኳስ ማቆም፣ ከዚያ መግፋት ያስተምራል። ሲገፉ ዱላው ከመጀመሪያው ኳሱን ነክቶ ስለሚቆይ ኳሱ ከመሬት አይነሳም፣ አቅጣጫውም አይስትም። ዱላን ወደ ኋላ ወስዶ መምታት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ተደርድሮ ወደ ግብ እንዲመታ የሚያደርግ ኮርስ ደስ ይላል፣ ግን አደገኛ ነው፤ ኳሱ ከ156 እስከ 163 ግራም የሚመዝን ጠጣር ፕላስቲክ ነው፣ ያልሠለጠነ እጅ የመታው ኳስ ደግሞ ወዴት እንደሚነሳ አይታወቅም። ለአንድ አሰልጣኝ ከ12 በላይ ጀማሪ ከተመደበም አያያዝዎን የሚያርምልዎት አያገኙም።

ድክመቱ ማለቁ ነው። ኮርሱ ሲያበቃ ወዴት እንደሚሄዱ ያላዘጋጀ ክለብ ያስተማራቸውን ሰዎች መልሶ ያጣል። ከመመዝገብዎ በፊት «ከኮርሱ በኋላ የምገባበት ቡድን የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቡድኑን በስም የሚጠራ መልስ ይጠብቁ።

የመዝናኛ ቅልቅል ምሽት

ያለ ነጥብና ያለ ደረጃ የሚጫወቱት ነው። ለመምጣትም ለመቅረትም ነፃ ስለሆኑ ጊዜ ለሚያጥረው ይመቻል። ወጪው ትንሽ ነው፣ ሰዎቹም ታጋሽ ናቸው። የሚጎድለው እርማት ነው፤ በተሳሳተ አያያዝ ወራት ቢጫወቱ ማንም አይነግርዎትም፣ የተለመደን ስህተት ማስተው ደግሞ አዲስ ከመማር ይከብዳል። ከኮርስ ጋር ሲጣመር እጅግ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ለመማር አይበቃም።

ከዚህ ወገን የሚቆጠር ሌላም አለ፦ መሮጥ የሚከለከልበትና ኳስ ከመሬት የማይነሳበት የእርምጃ ሆኪ። ከጉዳት ለሚያገግም ወይም ዕድሜው ለገፋ ሰው ከሁሉም የተሻለው መግቢያ እሱ ነው።

በቀጥታ የመጨረሻው የሊግ ቡድን

ብዙ ክለብ ጀማሪን የሚገፋው ወደዚህ ነው፤ ቡድኑ ሰው ስለሚጎድለው። ቅያሪ ያለገደብ ስለሚፈቀድ ሲደክሙ ወጥተው መመለስ ይችላሉ፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የቡድን ስሜትም ከመጀመሪያው ቀን ይመጣል።

ችግሩ የንክኪው ማነስና የሕጎቹ ብዛት ነው። ኳስ እግርዎን ከነካ ጥፋት ነው። ግብ የሚቆጠረው አጥቂው ኳሱን በ«ዲ» ውስጥ፣ ማለትም ከግቡ 14.63 ሜትር በሚርቀው ክልል ውስጥ ሲነካው ብቻ ነው። ቅጣት ምት ሲሰጥ ተጋጣሚ 5 ሜትር መራቅ አለበት። ከእግር ኳስ የሚመጡትን በብዛት የሚያስቀጣው ግን ኳስን በሰውነት መከለል ነው። በእግር ኳስ ጀርባን ሰጥቶ ኳስ መጠበቅ ብልሃት ነው፤ በሆኪ ተጋጣሚ ኳሱን ለመንካት ሲሞክር ሰውነትዎን በመካከል ካስገቡ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል። ደጋግመው ካጠፉ አረንጓዴ ካርድ 2 ደቂቃ፣ ቢጫ ቢያንስ 5 ደቂቃ ከሜዳ ያስወጣል።

ይህን መንገድ ከመረጡ አሰላለፍዎን ይጠይቁ። ለጀማሪ ቀኝ መስመር ይቀላል። ኳስ ከግራዎ ስለሚመጣ ጠፍጣፋውን ፊት ገጥሞ ይቆማል። በግራ መስመር የተሰለፈ ሰው ግን ከቀኙ የሚመጣውን ኳስ ወይ ሰውነቱን አዙሮ ወይ ኳሱን በፊቱ አሳልፎ ነው የሚያቆመው፤ ያ የልምድ ሥራ ነው። የሳምንቱን ልምምድም አይዝለሉ። ቅዳሜ ብቻ የሚመጣ ጀማሪ ሙሉ የውድድር ዘመን አሳልፎ ኳስ ማቆም ሊያቅተው ይችላል።

የአዳራሽ ሆኪ እና አምስት ለአምስት

እነዚህ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ አይደሉም።

የአዳራሽ ሆኪ 6 ለ6 ነው፤ 4 ጊዜ 10 ደቂቃ ይጫወታሉ። ሜዳው ርዝመቱ ከ36 እስከ 44፣ ስፋቱ ከ18 እስከ 22 ሜትር ነው። ዱላ አንስቶ መምታት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ኳስ ይገፋል እንጂ አይመታም፣ ወደ ግብ ሲሞከር ካልሆነ በቀር ከመሬት አይነሳም። በጎን መስመሮቹ ላይ ያለው ዝቅተኛ እንጨት ኳሱን ስለሚመልስ ጨዋታው አይቋረጥም። የጀማሪን እጅ የሚያሠለጥን ከዚህ የተሻለ ጨዋታ የለም ብለን እናምናለን፦ ወለሉ ልሙጥ ስለሆነ ኳሱ አይዘልም፣ የተሳሳቱት ስህተት የእጅዎ ብቻ ነው። የሚከፈልበት በጉልበትና በጭን ነው፤ ዱላውን ከወለሉ ጋር አስተኝቶ ለመከላከል በጣም ዝቅ ማለት ይጠይቃል።

አምስት ለአምስት በሜዳ ላይ ነው፤ 2 ጊዜ 10 ደቂቃ። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫው በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦማን ሙስካት ተካሂዷል። ከየትኛውም የሜዳው ክፍል ግብ ማስቆጠር ይቻላል፣ ፔናልቲ ኮርነር (በሙሉው ጨዋታ በ«ዲ» ውስጥ ለተሠራ ጥፋት ለአጥቂው የሚሰጥ ልዩ ምት) የለም፤ ስለዚህ የሚሸመደደው ሕግ ጥቂት ነው። ግን ሩጫው ያለማቋረጥ ነው። 20 ደቂቃ ለ10 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 2 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ በሙሉው ጨዋታ ተመሳሳዩን ለማግኘት 44 ደቂቃ ያስፈልግ ነበር። ትንፋሽ ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ ከረጅም ዕረፍት ለሚመለስ ግን የመጀመሪያው ወር ከባድ ይሆናል።

በረኛነት

ይህን መግቢያ ብዙ ሰው አያስበውም። በታችኛው ሊግ በረኛ ስለማይገኝ ክለቡ በደስታ ይቀበላል፣ ዕቃውም የክለቡ ነው፤ የራስ ቁር፣ የእግር መከላከያ፣ የጫማ ላይ መከላከያ፣ የደረትና የእጅ መከላከያ ሁሉ ውድ ስለሆኑ ማንም ጀማሪ እንዲገዛ አይጠበቅበትም። በእግርም በሰውነትም ኳስ ማቆም ስለሚፈቀድልዎ የዱላ ችሎታ እስኪመጣ አይጠብቁም። 3.66 ሜትር ስፋትና 2.14 ሜትር ቁመት ያለውን ግብ መጠበቅ ግን ድፍረትንና ትኩረትን ይጠይቃል።

የተዋሱትን ዕቃ ሳይፈትሹ አይግቡ። የራስ ቁሩ ጭንቅላት ሲወዛወዝ አብሮ መዞር እንጂ ለብቻው መንሸራተት የለበትም። የጉሮሮና የብልት መከላከያ ከጎደለ ልምምዱን ያዘግዩ፤ «ለዛሬ ብቻ» የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም። የበረኛ አሰልጣኝ ከሌለ ደግሞ ልምምዱ በሙሉ የሌሎች ዒላማ መሆን ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ያንን አስቀድመው ይጠይቁ።

በአንድ እይታ

| መግቢያ | የኳስ ንክኪ | የመነሻ ወጪ | ጊዜ | የአካል ጫና | ዋናው ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| የጀማሪዎች ኮርስ | በጣም ብዙ | ዝቅተኛ | በሳምንት አንድ ምሽት | መካከለኛ | ሲያልቅ ቀጣዩ ላይታወቅ ይችላል |
| የመዝናኛ ምሽት | መካከለኛ | ዝቅተኛ | እንደ ፍላጎት | ቀላል | እርማት የለም |
| የእርምጃ ሆኪ | ብዙ | ዝቅተኛ | በሳምንት አንድ ጊዜ | በጣም ቀላል | ሁሉም ክለብ ጋር የለም |
| የሊግ ቡድን | ጥቂት | ከፍተኛ | ልምምድ እና የጨዋታ ቀን | ከባድ | ጀማሪው ኳስ ያጣል |
| የአዳራሽ ሆኪ | ብዙ | መካከለኛ | አጭር | ጉልበት ላይ ከባድ | መምታት አያስተምርም |
| አምስት ለአምስት | ብዙ | መካከለኛ | አጭር | ትንፋሽ ላይ ከባድ | እርማት ጥቂት |
| በረኛነት | የራሱ ዓይነት | በጣም ዝቅተኛ | ልምምድ እና የጨዋታ ቀን | መካከለኛ | አሰልጣኝ ይጠፋል |

ሁለት ክለብ ካለ

የትኛው ክለብ በከፍተኛው ሊግ እንደሚጫወት ለጀማሪ ምንም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው የመጨረሻው ቡድን ልምምድ ነው። ሄደው ሜዳ ዳር ይቁሙ፤ ከሁሉም ደካማ የመሰለዎትን ተጫዋች መርጠው ለ10 ደቂቃ ዓይንዎን አያንሱበት። ኳስ እየነካ ነው ወይስ ተራ እየጠበቀ ቆሟል? አሰልጣኙ በስሙ ጠርቶ አርሞታል? በእሱ ቦታ ሆነው ራስዎን ይመልከቱ፤ እዚያ ሲገቡ የሚያገኙት ያንኑ ነው።

ቀጥለው የሜዳውን ዓይነት ይዩ። አሸዋ የተጨመረበት ሰው ሠራሽ ሳር ኳሱን ያዘገያል፣ ይህ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ግን ሲወድቁ ቆዳ ይልጣል፣ የዱላውንም አፍንጫ ይበላል። ውኃ የሚረጭበት ሜዳ ፈጣንና ለሰውነት ለስላሳ ነው፣ ኳሱ ግን ሳይዘጋጁ ይደርስብዎታል። በሁለቱም ላይ የእግር ኳስ ረጅም ታኬታ አይሆንም፤ ሜዳውን ይጎዳል፣ ይንሸራተታልም። የሩጫ ጫማም ተረከዙ ከፍ ስለሚል አቅጣጫ ሲቀይሩ ቁርጭምጭሚት ያዞራል። ብዛት ያላቸው አጫጭር የጎማ ጥርሶች ያሉት ጫማ ነው የሚፈለገው።

ሲጠይቁ እነዚህን አይርሱ፦ ሳይከፍሉ ስንት ልምምድ መሞከር ይቻላል? ኢንሹራንሱ ሙከራን ይሸፍናል? አባላት ተራ በተራ ዳኝነት ይመደባሉ? ለልጅ ከሆነ ደግሞ፣ ልጆቹ በአነስተኛ ሜዳ ጥቂት ሆነው ይጫወታሉ ወይስ ገና በልጅነታቸው 11 ለ11 ይሰለፋሉ? ሁለተኛው ከሆነ ሌላ ክለብ ይፈልጉ።

ዕቃ፦ ምን ይቅደም?

አብዛኛው ሰው ዱላ ቀድሞ ይገዛል። ቅደም ተከተሉ ሌላ መሆን አለበት። መጀመሪያ በሙቅ ውኃ ለስልሶ በጥርስ ቅርጽ የሚገጠም የጥርስ መከላከያ፣ እሱ የማይዋስ ዕቃ ነው። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚትን ጭምር የሚሸፍን የቅልጥም መከላከያ። ከዚያ ጫማ። ከዚያ ለግራ እጅ ጓንት፤ ዱላ ሲገለበጥና ሲተኛ የግራ እጅ አንጓዎች በአሸዋው ላይ ይፋቃሉ። ዱላ የመጨረሻው ነው፤ ጥቂት ሳምንት በተዋሱት ከተጫወቱ በኋላ ምን እንደሚስማማዎት ያውቃሉ።

ለግራኝ የተሠራ ዱላ የለም፤ ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ዱላ ነው የሚጫወተው። ግራኞች በዚህ አይስጉ፤ ስሱን የማዞር ሥራ የሚሠራው የግራ እጅ ነው።

ርዝመትን ለመለካት ቀጥ ብለው ቆመው ዱላውን አጠገብዎ ያቁሙት፤ ጫፉ ዳሌ አጥንት አካባቢ መድረስ አለበት። አብዛኛው አዋቂ 36.5 ኢንች ይስማማዋል፣ ረጃጅሞች 37.5። ያጠረ ዱላ ወገብ ያሳምማል፤ የረዘመ ዱላ ደግሞ በሰውነትዎ ፊት ሲገለበጥ ሆድ ላይ ይጋጫል።

በቁሱ ላይ ሻጮች ካርቦን የበዛበትን ያስቀድማሉ። ካርቦን ሲበዛ ዱላው ይደርቃል፤ ምቱ ይጠነክራል፣ ኳስ ሲያቆሙ ግን ይነጥራል። ጀማሪ ቀን ሙሉ የሚሠራው ኳስ ማቆም ስለሆነ በአብዛኛው ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ካርቦኑ ከ30 በመቶ ያልበለጠ ዱላ ይበጀዋል። ጉብጠቱም፣ ማለትም የዱላው ዘንግ ከላይ እስከ ታች ያለው ቅስት፣ እንዲሁ ነው። ሕጉ እስከ 25 ሚሊሜትር ይፈቅዳል፤ ጉብጠቱ ወደ ታች የወረደ ዱላ ኳስ ለማንሳት ለሠለጠነ ሰው የተሠራ ነው፣ በጀማሪ እጅ ግን ሳይታሰብ ኳስ ያነሳል። ለጀማሪ መደበኛው ጉብጠት ይበቃል።

የአዳራሽ ዱላ ቀጭንና ቀላል ነው፤ በሜዳ ላይ ቢመቱበት ይሰበራል። በተቃራኒው የሜዳ ዱላ አዳራሽ ውስጥ መጠቀም ይቻላል፤ አሸዋ የፋቀው ግን ወለል ስለሚቧጭር አንዳንድ ቦታ አያስገቡትም።

ለየትኛው ሰው የትኛው?

ምንም ስፖርት ላልሠራና በቂ ጊዜ ላለው ሰው ኮርስ፣ ቀጥሎ የአዳራሽ ሆኪ፣ ከዚያ የሊግ ቡድን፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ከእግር ኳስ ለሚመጣ ሰው ሜዳ የማንበብ ችሎታው ስላለ ኮርሱንና የሊግ ቡድኑን ጎን ለጎን ቢያስኬድ ይችላል፤ የሚከለከለውን ኳስ መከለል ግን ቀድሞ ይተው። ልጅ የሚያሳድግና የጨዋታ ቀን የማይለቀቅለት ሰው የመዝናኛ ምሽቱን ይያዝ፣ በወር አንዴ እንኳ አሰልጣኝ አያያዙን እንዲያይለት ይጠይቅ።

ገንዘብ ለሚያጥረው ሁለት መንገድ አለ። ዕቃ በሚያውስ ክለብ ኮርስ ገብቶ የጥርስ መከላከያ ብቻ መግዛት፣ ወይም በረኛ መሆን። መካከለኛ አቅም ያለው መከላከያዎቹንና ጫማውን አዲስ፣ ዱላውን ያገለገለ ይግዛ፤ ያገለገለ ዱላ ሲገዛ አፍንጫውንና አንገቱን በጣት ዳሶ ስንጥቅ ይፈልግ፣ መሬት ላይ ቀስ ብሎ መታ ሲያደርገው የሚንቀጨቀጭ ድምፅ ካለው ይተወው። ብዙ ማውጣት የሚችል ሰው ገንዘቡን ውድ ዱላ ላይ ከሚያፈስ ለተጨማሪ የግል ሥልጠና ያውለው፤ በሁለተኛው ዓመት ዱላውን ሲመርጥ የራሱን አጨዋወት ያውቃል።